ኃላፊው ማን ነው? በሰው ሠራሽ አስተውሎት ርዳታ ስለሚሠራ ሶፍትዌርና ስለ ሰዎች ጥርጣሬ

ሰው የሚኖረው ራሱ ያልሠራውን በማመን ነው። ያልጋገረውን እንጀራ ይበላል፤ ያልገነባውን ድልድይ ይሻገራል፤ ያልቀመመውን መድኃኒት ይውጣል። ከእነዚህ አንዱን እንኳ ራሴ መርምሬ ልኩን ካላረጋገጥሁ በቀር አልነካም ቢል አንዲት ቀን ውሎ ማደር አይችልም። ይሁን እንጂ ይህ እምነቱ በባዶ ላይ የቆመ አይደለም። ከእንጀራው በስተኋላ ጋጋሪ፥ ከድልድዩ በስተኋላ መሐንዲስ፥ ከመድኃኒቱ በስተኋላ ቀማሚ እንዳለ ያውቃልና፤ ጉዳት ቢደርስበትም «ይህ ስለ ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቀው፥ መልስም የሚሰጠው ሰው እንዳለ ያስባል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ነገር ከዚህ የተነሣ ነው፤ ይኸውም ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት፥ በተለምዶ «ኤአይ» በሚባለው፥ ርዳታ የተሠራ ሶፍትዌር ሲቀርብላቸው ብዙ ሰዎች የሚጠረጥሩት ስለ ምን ነው? ጥርጣሬያቸውስ የተገባ ነውን? የሚል ነው።

ሶፍትዌር ማለት ኮምፒዩተርን ይህን አድርግ፥ ይህን አታድርግ እያለ የሚያዝዝ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ በዓይን አይታይም፤ በእጅም አይዳሰስም፤ ነገር ግን ደመወዛችን የሚያልፈው፥ የሆስፒታል መዝገባችን የሚቀመጠው፥ አውሮፕላን የሚበርረው በእርሱ ነው። ቢሳሳት ምን ያህል ነገር እንደሚያናውጥ በአገራችንም ታይቷል። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ/ም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በተዛባ ጊዜ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያዛውሩ አደሩ፤ ባንኩም በዚያች ሌሊት የወጣበት ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደ ሆነ በኋላ አስታወቀ። ይህን የጠቀስነው ሰው ሠራሽ አስተውሎት አጠፋው ለማለት አይደለም፤ ነገሩ የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ለሚታየው አንባቢ፥ የማይታየው ትእዛዝ የሁላችንን ኪስና ኑሮ እንደሚነካ ለማሳሰብ ነው እንጂ።

ይህን ትእዛዝ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሚጽፈው ሰው ነበር። ከ2021 ጀምሮ ግን (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ኮፓይለት» የተባለው መሣሪያ፥ ከ2022 ኅዳር በኋላም «ቻትጂፒቲ»ና መሰሎቹ ለሕዝብ ስለ ተከፈቱ፥ ሰው በተራ ቋንቋ የሚፈልገውን ሲናገር መኪናው ኮዱን ይጽፍለት ጀመር። እነዚህ መሣሪያዎች የሚሠሩት እጅግ ብዙ የተጻፈ ነገር እንዲማሩ ተደርጎ፥ ከቀደመው ቃል ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን በግምት እያከታተሉ በማውጣት ነው። በ2025 የካቲት አንድሬ ካርፓቲ የተባለው የታወቀ የዘርፉ ሊቅ፥ ኮዱን ሳያነቡ መኪናው ያወጣውን ሁሉ እየተቀበሉ ለሚሠሩበት አኳኋን ስም አወጣለት፤ ስሙም «ቫይብ ኮዲንግ» ነው። ስሙ ወዲያው በዓለም ተሰማ።

እንግዲህ አስደናቂው ነገር እዚህ ላይ ነው። «ስታክ ኦቨርፍሎው» የተባለው የፕሮግራም ጸሐፊዎች መድረክ በ2025 ከ49,000 በላይ ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር። ከመቶው 84ቱ እነዚህን መሣሪያዎች እንጠቀማለን ወይም ልንጠቀም አስበናል አሉ፤ ነገር ግን መኪናው የሚያወጣውን መልስ ትክክለኛነት እናምናለን ያሉት ከመቶው 33 ብቻ ሲሆኑ፥ አናምንም ያሉት 46 ነበሩ። ይህም ማለት ጥርጣሬው ነገሩን ከሩቅ የሚያይ፥ አዲስ ነገር የሚፈራ ሕዝብ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ በየቀኑ በእጁ የሚይዘው ሠራተኛ ራሱ ይጠረጥረዋል። የአገራችን ሰው «ጠርጥር፤ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ይላል። ይሁን እንጂ መጠርጠር ሁሉ ጥበብ አይደለም፤ ሰውን ያለ ጥፋቱ የሚያዋርድ ጥርጣሬም አለና ምክንያቱን መለየት ያስፈልጋል።

ብዙዎች አስቀድመው የሚሰጡት ምክንያት «መኪናው ይሳሳታል» የሚል ነው። እውነት ነው፥ ይሳሳታል። በኒውዮርክ ዩኒቨርስቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2021 ለደኅንነት በሚያሠጉ 89 ዓይነት ሁኔታዎች ኮፓይለትን ፈትነው፥ ከጻፋቸው 1,689 ፕሮግራሞች ውስጥ ከመቶው 40 የሚያህሉት ለጠላት በር የሚከፍት ድካም ያለባቸው ሆነው አገኟቸው። በ2025 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከዚህ የሚደንቅ ነገር ገለጠ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉን ከሥር አይጀምርም፤ ሌሎች ሠርተው በግልጽ ቦታ ያኖሯቸውን ዝግጁ ክፍሎች በስማቸው እየጠራ ያስገባል። ተመራማሪዎቹ 16 ሞዴሎች የጻፏቸውን 576,000 የኮድ ናሙናዎች ሲመረምሩ፥ መኪኖቹ ከጠሯቸው ስሞች ከመቶው 20 የሚጠጋው በዓለም ላይ ጨርሶ የሌለ ክፍል ስም ነበር። ስሙ ያማረ ነው፥ ደንቡን የጠበቀ ነው፥ ነገር ግን ባለቤት የለውም። ክፉ ሰው ይህን ዐውቆ በዚያው ስም መርዝ ያለበትን ክፍል ሠርቶ ቢያኖር፥ የማያውቀው ገበሬ እንክርዳዱን ስንዴ መስሎት ወደ ጎተራው ያስገባዋል።

ነገር ግን ይህ ምክንያት ብቻውን ፍርድ አያቆምም። ስለ ምን ቢሉ፥ ሰውም ይሳሳታልና ነው። በሰው እጅ የተጻፈ ሶፍትዌር ያደረሰውን ጥፋት ለማወቅ የሚሻ በብሪታንያ የሆነውን ይመልከት። የዚያ አገር ፖስታ ቤት በ1999 «ሆራይዘን» የተባለ የሒሳብ ሥርዓት በየቅርንጫፉ አስገባ፤ ሥርዓቱ ዛሬ «ፉጂትሱ» በሚባለው ኩባንያ ሥር የተሠራ ነበር። በየመንደሩ ፖስታ ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎች ማታ ሒሳብ ሲዘጉ ሥርዓቱ «ይህን ያህል ገንዘብ ጎድሏል» ይላቸው ጀመር። ሰዎቹ አልወሰድንም ብለው ቢጮኹ የሚሰማቸው አልተገኘም። ለብዙዎቹም እንዲህ ያለ ችግር የገጠማቸው እነርሱ ብቻ እንደ ሆኑ ይነገራቸው ነበር። ከ1999 እስከ 2015 ድረስ ከ900 የሚበልጡ ሰዎች በሌብነት፥ በማጭበርበርና ሒሳብ በማዛባት ተፈረደባቸው። ከእነርሱ የታሰሩ አሉ፤ አንዲቱ በ2010 እርጉዝ ሳለች ወደ ወኅኒ ወረደች፤ ቤታቸውን ሸጠው የሌለውን ጉድለት የሞሉ አሉ፤ ጉዳዩን የመረመረው ይፋ ጉባኤም በ2025 ባወጣው ዘገባ ቢያንስ 13 ሰዎች በዚህ ምክንያት ራሳቸውን ሳያጠፉ እንዳልቀሩ ገልጧል። አለን ቤትስ የተባለው የቅርንጫፍ አስተዳዳሪ 554 ባልንጀሮቹን አስተባብሮ ከተከራከረ በኋላ፥ በ2019 ታኅሣሥ ፍርድ ቤቱ ሆራይዘን ጥፋትና ጉድለት እንደ ነበረበት ወሰነ፤ በ2024 ግንቦትም ፓርላማው ፍርዶቹን በሕግ ሻረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የለም። ኮዱን የጻፉት ሰዎች ነበሩ፤ ታዲያ ያን ሁሉ መከራ ያመጣው ምንድር ነው? የኮዱ ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ወር ታርሞ ይረሳ ነበር። መከራው የመጣው ስሕተቱን «የእኛ ነው» የሚል ሰው ስለ ጠፋ ነው። የኩባንያው ሠራተኞች ከሩቅ ሆነው የቅርንጫፎችን ሒሳብ መንካት ይችሉ ነበር፤ ይህ ግን አይቻልም ተብሎ ይነገር ነበር። የእንግሊዝ ሕግም ቢሆን ቀድሞ የኮምፒዩተርን ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው መሣሪያው በደኅና ይሠራ እንደ ነበር እንዲያስረዳ ያስገድድ የነበረውን ድንጋጌ በ1999 በወጣ ሕግ ሽሮት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ማስረጃ ካልተገኘ በቀር ኮምፒዩተር ልክ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ መኪናው ምስክር ሆነ፥ ነገር ግን መስቀለኛ ጥያቄ የማይጠየቅ ምስክር ሆነ። ሰዎች በሰው እጅ የተሠራውን ያመኑት ከልክ በላይ ነበር፤ እምነታቸውም ንጹሓንን አሰረ። «በሰው የተጻፈ ነውና ይታመናል፥ በመኪና የተጻፈ ነውና አይታመንም» የሚለው አከፋፈል እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ አልያዘውም።

ሥሩን ለማግኘት ሌላ ምሳሌ እናምጣ። በስዊድን አገር የሚኖር ዳንኤል ስቴንበርግ የተባለ ሰው ከ1998 ጀምሮ «ከርል» የሚባል ፕሮግራም ይጠብቃል። ይህ ፕሮግራም መረጃን ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚያመላልስ ሲሆን በቢሊዮን በሚቈጠሩ መሣሪያዎች ውስጥ ይገኛል፤ አንባቢዎቻችን በኪሳችሁ በያዛችሁት ስልክ ውስጥም ሳይኖር አይቀርም። የሚጠብቁት ግን ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከ2019 ጀምሮ በፕሮግራሙ የደኅንነት ጉድለት አግኝቶ በምሥጢር ለሚያስታውቃቸው ሰው የገንዘብ ሽልማት ይሰጡ ነበር። ብዙ ዓመት መልካም ሆኖ ሄደ። ከ2023 ወዲህ ግን ሌላ ዓይነት ደብዳቤ መምጣት ጀመረ፤ ረጅም ነው፥ በትሕትና የተጻፈ ነው፥ በክፍል በክፍል የተደለደለ ነው፥ የኮድ ምሳሌም አለበት። ጠባቂዎቹም ነገሩ ብርቱ መስሏቸው ሌላ ሥራቸውን ትተው ሰዓታት ሲመረምሩት፥ ደብዳቤው የሚያወራለት ጉድለት በፕሮግራሙ ውስጥ ከቶ የለም። ላኪውን ሲጠይቁት ጥያቄውን ለመኪናው አቀብሎ የመኪናውን መልስ ይመልስላቸዋል። በ2025 ስቴንበርግ ከሚቀበሏቸው ደብዳቤዎች ከመቶው 20 የሚያህሉት እንዲህ ያሉ እንደ ሆኑ፥ እውነተኛ ጉድለት የሚያሳዩት ግን ከመቶው 5 ገደማ ብቻ እንደ ሆኑ ጻፈ። በ2026 ጥር መጨረሻም የሽልማቱን ሥርዓት ዘጉት።

ከዚህ የምናየው ነገር ጥልቅ ነው። ቀድሞ ድካም ምስክር ነበር። አንድ ሰው ረጅም፥ የተስተካከለ፥ ዝርዝሩ የሞላ ነገር ጽፎ ሲያመጣ፥ አንባቢው ገና ፍሬ ነገሩን ሳይመረምር «ይህ ሰው በነገሩ ላይ ተቀምጦ አስቦበታል፤ ጊዜውን ከፍሎበታል፤ እንግዲህ የእኔም ጊዜ ይገባዋል» ይል ነበር። ይህ በአፍ ያልተነገረ፥ በወረቀት ያልተጻፈ ውል ነው፤ አንባቢና ጸሐፊ፥ ሠሪና ተቀባይ የኖሩት በእርሱ ነው። አሁን ግን የድካምን መልክ ያለ ድካም ማውጣት ተቻለ። ለጸሐፊው የአንድ ደቂቃ ሥራ የሆነው ለአንባቢው የግማሽ ቀን ሥራ ሆነ። ሸክሙ ከላኪው ትከሻ ወርዶ በተቀባዩ ትከሻ ላይ ተጫነ፤ ተቀባዩም ሳይጠየቅ። ሰዎች «በኤአይ የተሠራ ነው» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው የሚጠቁረው፥ እንደምናየው፥ በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። መኪናውን ስለ ጠሉት ሳይሆን፥ ሌላው ሰው ያላሰበበትን ነገር እነርሱ እንዲያስቡለት የተላከላቸው ስለሚመስላቸው ነው። ይህም ቅር መሰኘት የፍትሕ ስሜት ነው፤ ግብዝነት አይደለም።

የቅኔ ቤት ሥርዓት ለሚያውቁ አንባቢዎቻችን ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ደቀ መዝሙሩ ቈጥሮ ያደረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ሲነግር፥ መምህሩ የቃሉን ማማር ብቻ ሰምቶ አይለቀውም፤ ሰሙን ፍታ፥ ወርቁን አሳይ፥ ይህ ቃል ስለ ምን እዚህ ገባ ይለዋል። የራሱ የሆነ ቅኔ ያለው ልጅ ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱን ያስረዳል፤ ከባልንጀራው ለቅሞ ያመጣው ግን ቅኔው ምንም ያማረ ቢሆን በሁለተኛው ጥያቄ ይያዛል። መምህሩ የሚፈልገው ቅኔውን ብቻ ሳይሆን ቅኔውን የወለደውን አእምሮ ነውና።

ይህንኑ ነገር ፒተር ናውር የተባለው የዴንማርክ ሊቅ በ1985 ስለ ፕሮግራም ሥራ ጽፎታል። በእርሱ አስተያየት ፕሮግራም ማለት በመዝገብ የተቀመጠው ኮድ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ነገር ጸሐፊዎቹ በልቡናቸው የያዙት የነገሩ መረዳት ነው። እነዚያ ሰዎች ቢበተኑ ኮዱ ቢቀርም ፕሮግራሙ እንደ ሞተ ይቈጠራል፤ የሚያውቀው ሳይኖር የሚነካው ሁሉ ያበላሸዋልና። ናውር ይህን በጻፈ ጊዜ ሰው ያልጻፈው ኮድ ይመጣል ብሎ ያሰበ አይመስለንም። ዛሬ ግን ከመወለዱ ጀምሮ በማንም ልቡና ያልነበረ ፕሮግራም ሊኖር ይችላል፤ ይሠራል፥ ነገር ግን ስለ ምን እንዲህ እንደሚሠራ የሚያስረዳ የለም። ግእዝ ሳያውቅ የፊደሉን ቅርጽ ብቻ እያየ የሚቀዳ ጸሐፊ ከብራናው ላይ አንድ ገጽ ያለ ስሕተት ሊገለብጥ ይችላል፤ ሆኖም በምንጩ ላይ አንድ ፊደል ቢደበዝዝበት የሚያስገባው ቃል ትርጓሜውን ያጥፋው ወይም ያቅናው አያውቅም። ጽሕፈቱ ደግሞ በልክም በስሕተትም ቦታ እኩል ያምራል፤ አስቸጋሪውም ይኸው ነው።

በሰው ላይ የሚያደርሰው የመታለል ስሜትም አለ። «ሜትር» የተባለው የምርምር ድርጅት በ2025 ለብዙ ጊዜ የሚያውቁትን ሥራ የሚሠሩ 16 የበሰሉ ባለሙያዎችን በ246 ሥራዎች ፈተናቸው። በኤአይ ብንረዳ ሥራችን ከመቶው 24 ያህል ይፋጠናል ብለው ገመቱ፤ ከጨረሱም በኋላ ከመቶው 20 ያህል ፈጥነናል አሉ። ሰዓቱ ሲቈጠር ግን ከመቶው 19 ዘግይተው ነበር። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ እየተሻሻሉ ስለ ሄዱ ይህ ቍጥር ለሁል ጊዜና ለሁሉ ሰው የሚሆን አይደለም፤ ነገር ግን ሠሪው ስለ ገዛ ሥራው የሚሰጠው ምስክርነት እንኳ ሊያሳስተው እንደሚችል ያሳያል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ «ሬፕሊት» በተባለው አገልግሎት ላይ ሲሠራ የነበረ መኪና፥ ምንም ነገር እንዳይለወጥ ታዝዞ ሳለ ከ1,200 በላይ የሥራ መሪዎች ስም የነበረበትን የአንድ ደንበኛ መዝገብ ደመሰሰ፤ ሲጠየቅም መዝገቡ ሊመለስ አይችልም ብሎ መለሰ፤ በኋላ ግን ሊመለስ ቻለ። የኩባንያው መሪ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል፤ ይቅርታ የጠየቀው ሰው ነው። መኪናውም በጽሑፍ ጥፋቱን የሚያምን ቃል አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉን ማንም ከቁም ነገር አልቈጠረው፤ የሚያፍር፥ የሚከፍል፥ ነገ የሚታረም አካል ከቃሉ በስተኋላ የለምና።

እንግዲህ ጥርጣሬው በዚህ በኩል የተገባ ነው እንላለን። በሌላ በኩል ግን የማይገባ ጥርጣሬ አለ፤ ስለ እርሱም ዝም ማለት አይቻልም። ያው ስቴንበርግ፥ በሐሰተኛ ደብዳቤ የተማረረው ሰው፥ በ2025 መስከረም አንድ ተመራማሪ በኤአይ መሣሪያዎች ርዳታ ፈልጎ ያገኘውን የጉድለት ዝርዝር ላከለት። ዝርዝሩ እውነተኛ ነበር፤ ወደ 50 የሚጠጋ እርማት ወጣበት፤ ስቴንበርግም በግልጽ አመሰገነ። መሣሪያው አንድ ዓይነት ሲሆን ልዩነቱን ያመጣው ምንድር ነው? ሁለተኛው ሰው መኪናው ያወጣውን ነገር በሰው ዕውቀት አጣርቶ መላኩ ነው። የመሣሪያውን ስም ብቻ ሰምቶ ሥራውን የሚጥል ሰው ይህን ሁለተኛውን ሰው ከመጀመሪያዎቹ ጋር በአንድ ገመድ ያስራል።

የከፋ ነገርም ይከተላል። ሥራው በኤአይ እንደ ተረዳ የሚናገር ሰው ይጠረጠራል፤ የሚደብቅ ሰው ግን ምስጋና ይቀበላል። በዚህም ምክንያት እውነት መናገር ቅጣት፥ መሸሸግ ትርፍ ይሆናል። መታመንን እናስከብራለን ብለው የተነሡ ሰዎች ሳያስቡት ውሸትን የሚያስተምሩት እንዲህ ነው። እኛ እንደምናምነው ሌላው ሰው የሚደገፍበትን ነገር የሠራ ሁሉ እንዴት እንደ ሠራው ሊናገር ይገባዋል፤ ይህ ግዴታ በምንም ሰበብ አይቀርለትም። ነገር ግን ሰሚውም ግዴታ አለበት፤ እውነቱን የነገረውን ሰው ስለ ነገረው ብቻ ሊጥለው አይገባም፤ ሥራውን መርምሮ ይፍረድ እንጂ።

ሥራቸውን ለዓለም በነፃ የሚያበረክቱ የሶፍትዌር ማኅበራት በዚህ ነገር ሁለት መንገድ ሄደዋል። «ጀንቱ» በ2024 ሚያዝያ፥ «ኔትቢኤስዲ» በ2024 ግንቦት፥ «ኪውኢምዩ» በ2025 ሰኔ በኤአይ የተጻፈ ኮድ አንቀበልም አሉ፤ ኔትቢኤስዲ ብቻ አስቀድሞ የማኅበሩ መሪዎች በጽሑፍ ከፈቀዱ ይግባ ብሏል። ከምክንያቶቻቸው አንዱ፥ መኪናው የተማረው ከሌሎች ሰዎች ሥራ ስለ ሆነ የሚያወጣው ኮድ የማን እንደ ሆነ በእርግጥ መናገር አይቻልም የሚል ነው፤ በዚህ ጉዳይ ከ2022 ኅዳር ጀምሮ በአሜሪካ ክስ ተነሥቷል፤ ክርክሩ የሕግ ዐዋቂዎች ስለ ሆነ አናስረዝመውም። «ፌዶራ» ግን በ2025 ጥቅምት፥ ይግባ፥ ነገር ግን ያመጣው ሰው ይናገር፥ ኃላፊነቱም ሙሉ በሙሉ የእርሱ ይሁን ብሎ ወሰነ።

ከሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ያገኘነው የሊኑክስ ደንብ ነው። ሊኑክስ ከ1991 ጀምሮ በብዙ ሺህ ሰዎች እጅ የተገነባ የኮምፒዩተር መሠረት ነው። በ2003 አንድ ኩባንያ በውስጡ የእኔ ኮድ ተሰርቋል ብሎ ክስ ካቀረበ በኋላ፥ በ2004 አዲስ ሥርዓት ተደነገገ፤ ኮድ የሚያመጣ ሰው ሁሉ ከሥራው ግርጌ ስሙን እያኖረ «ይህን ለማቅረብ መብት አለኝ» ብሎ በፊርማው ያረጋግጣል። ሥራው ወደ ላይ ሲተላለፍም የሚያሳልፈው ሰው ሁሉ ስሙን ይጨምርበታል፤ ስለዚህ ከሃያ ዓመት በፊት የገባ አንድ መስመር እንኳ በማን በማን እጅ እንዳለፈ ይታወቃል። በብራና መጽሐፍ መጨረሻ የጸሐፊው፥ ያስጻፈውም ሰው ስም ተጽፎ የሚገኘውን ያስታውሰናል፤ ምንም እንኳ ያኛው ለጸሎት፥ ይኸኛው ለተጠያቂነት ቢሆን። እንግዲህ ኤአይ በመጣ ጊዜ የሊኑክስ ሰዎች ያወጡት መመሪያ አጭር ነው፤ መኪናው ቢረዳ «ረድቷል» ተብሎ ስሙ ይጻፍ፤ ነገር ግን የማረጋገጫውን ፊርማ መኪና ሊፈርም አይችልም፥ የሚፈርመው ሰው ብቻ ነው። ርዳታውን አልከለከሉም፤ ርዳታውንም አልሸሸጉም፤ የመልስ ሰጪነትን ቦታ ግን ለሰው ብቻ ጠበቁ።

አንዳንዶች «ሰው ቢፈርምም ሳያነብ የሚፈርም አይጠፋም» ይሉናል። አዎን፥ አይጠፋም። ሳያነብ የሚፈርም ሹም ከኮምፒዩተር በፊትም ነበር። ነገር ግን የፈረመ ሰው ሊጠየቅ፥ ሊወቀስ፥ ከሥራው ሊሻር ይችላል፤ ይህንም ስለሚያውቅ ብዙ ጊዜ ያነባል። ፊርማ ሰውን ጻድቅ ባያደርገውም የት እንደሚገኝ ያሳያል። በሆራይዘን ጉዳይ የጠፋው ይህ ነበር፤ ከፖስታ ቤቱ ወደ ኩባንያው፥ ከኩባንያው ወደ ጠበቆች፥ ከጠበቆች ወደ ኮምፒዩተሩ ይመራ ነበር እንጂ ነገሩ የሚቆምበት ሰው አልነበረም። የብሪታንያ የፍትሕ ሚኒስቴርም ኮምፒዩተር ልክ ነው ተብሎ የሚገመትበትን ያን ደንብ እንደ ገና ለመመርመር በ2025 ጥር ከሕዝብ አስተያየት መጠየቅ ጀመረ፤ ከ900 ሰዎች ፍርድ በኋላ መሆኑ ነው።

ይህ ነገር ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍም የራቀ አይደለም። ዛሬ በአገር ውስጥም በውጭ አገርም ያሉ አጥቢያዎች የምእመናንን ስም፥ የዐሥራቱን ሒሳብ፥ የሰንበት ትምህርት ቤቱን መዝገብ በኮምፒዩተር ይይዛሉ፤ አንድ ቅን ወጣትም በሁለት ሌሊት በኤአይ ርዳታ የሠራውን ፕሮግራም ይዞ ወደ ሰበካ ጉባኤው ሊመጣ ይችላል። ያን ልጅ «መኪና የጻፈውን አንፈልግም» ብሎ መመለስ አይገባም፤ ሠርቶ ስላሳየ ብቻ አጨብጭቦ የሁሉን ስምና ገንዘብ ማስረከብም አይገባም። ከሒሳብ ሹሙ ጋር ተቀምጠው ይጠይቁት። የሰው ስምና ስልክ የሚቀመጠው የት ነው? ማን ሊያየው ይችላል? የትናንቱ ሒሳብ ቢጠፋ ከየት ይመለሳል? የትኛውን ክፍል ራስህ አንብበኸዋል፥ የትኛውን አላነበብህም? አንተ ወደ ሌላ ከተማ ብትሄድ ማን ይይዘዋል? ልጁ «ይህን ክፍል አላነበብሁትም» ቢል በዚህ አይቈጡት፤ መልሱን በቃለ ጉባኤ ይጻፉት፥ ያን ክፍል የሚያነብለት ዐዋቂ ይፈልጉለት፥ እስኪነበብ ድረስም የወረቀቱን መዝገብ አይዝጉ።